በመስኮት የሚወጡ ፈረሰኞች

በዳንግላ ከተማ ስልሳ ዓመት ያለፈው ወንድ ሁሉ ጧት ከቤቱ ሲወጣ፣ ጤና ጣቢያው የአጥንትን ዕድሜ እንዲናገር ያስገባለትን የበሩን ደፍ በተረከዙ ይረግጣል። ረገጣው ቀስ ተብሎ አይደለም፤ ጎረቤት ከእንቅልፉ ባንኖ «እገሌ ወጣ» እስኪል ድረስ ነው። ደፉ ጥቂት ያስብና በረጋ ድምፅ፣ «አጥንትዎ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ መልካም ቀን ይሁንልዎ» ይላል። ሰውዬው ያልሰማ ይመስል ጆሮውን ያዘነብላል። «እ? ምን አልክ?» ደፉ ይደግማል። ጎዳናው ሁሉ ከሰማ በኋላ ሰውዬው ጋቢውን ያደላድልና መንገዱን ይጀምራል።

ሰላምታውም ከዚሁ ጋር ተለውጧል። «አጥንትዎ እንዴት አደረ?» «እግዜር ይመስገን፣ ሠላሳ ስድስት። የእርስዎስ?» «አርባ፤ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው።» የተወለዱበትን ዓመት የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ያልተቀጣ ልጅ ይባላል። ቃሬዛ የሚሸከመው፣ መሰላል የሚወጣው፣ ለሽምግልና ተልኮ ገደል የሚሻገረው ሰው የሚመረጠው በአጥንቱ ዕድሜ ነው። አጥንቱ ከስልሳ ያለፈበት ደግሞ ትራስ ይታጠቃል። ትራስ ማለት ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ባለቤቱ ሲወድቅ ተነፍቶ ዳሌውን የሚያቅፍ ቀበቶ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብዙ ዳሌ አትርፏል። ነገር ግን ቅድመ አያቱ ዝናር በታጠቀበት ወገብ ላይ ትራስ የታጠቀ ወንድ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉለታል፤ እሱን የሚገድለውም ይኸው ነው።

አያ ያብስራ በልደቱ ሰባ ስድስት፣ በአጥንቱ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ደፉን ሲረግጥ ሦስት ቤት ወዲያ ጣሳ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ከአባይ ወዲህ በዚያ ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አጥንት ያለው ሰው አልተገኘም፤ ከአባይ ወዲያ ደግሞ ማንም ለመፈለግ አልደፈረም። እሱ በተወለደበት ዘመን ያብስራ፣ ናሆም፣ ሶልያና የሚባሉት በጋሪ የሚገፉ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ የሽማግሌና የባልቴት ስም ሆኗል፤ «ናሆም» ሲባል ለሰው የሚታየው ሪዙ የነጣ አዛውንት ነው። ሕፃናቱ ዘርፌና ደብሪቱ ይባላሉ።

ያብስራ በጥር ጉግስ የላይ ሜዳ ፈረሰኞች አውራ ነበር። ጉግስ የሽማግሌዎች ጨዋታ ከሆነ ሁለት ትውልድ አልፏል። ወጣቶቹ ከተማው ውስጥ ሞልተዋል፤ ግን ፈረስ ይፈራሉ፣ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። ሜዳው የአያቶች ነው። አንዱ ወገን ጋሻውን ጀርባው ላይ አዙሮ ይሸሻል፣ ሌላው ወገን ዘንግ ይዞ ይከተላል፤ ካገኘው በጀርባው ይወረውርበታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። የያብስራ ዘንግ አንድ ጊዜ ዒላማውን ስቶ ጣና ዳር ዓሣ ያስደነገጠ ዘንግ ነው። ፈረሱ ቦራ ሲጋልብ ጥላው ዘግይቶ ይደርሳል። ከጨዋታው በፊት ፈረሰኛው ሁሉ እየዞረ በአጥንቱ ይፎክራል፤ «ዘራፍ፣ ሠላሳ ሁለት!» «ዘራፍ፣ ሠላሳ!» ሴቱ እልል ይላል። አጥንቱ ስንት እንደሆነ ማንም አይመዝነውም። የወንድ ቃል ይበቃል።

መስከረም ሲጠባ ጤና ጣቢያው ለወንዶቹ አዲስ ጠብታ አመጣ። ጠብታ የሚባለው ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ነው፤ ዕድሜ ያጎደለውን ሆርሞን ቀን ከሌት እያንጠባጠበ ይተካል። የቀድሞው ምኑም አይታይም ነበር። አዲሱ በቆዳው በኩል ሁለት ብርሃን ያሳያል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ወተት የመሰለ ነጭ። ባለቤቱ በአውራ ጣቱ ጫን ካለ ይጠፋል፣ ጫን ካለ ይበራል።

ሲስተር ዘርፌ ፈረሰኞቹን አዳራሽ ሰብስባ አስረዳች። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ድምፅዋ የለሰለሰ፣ ዓይኗ ግን የማይለሰልስ ሴት ነበረች።

«ቀዩ የወንድ ሆርሞን ነው። ጡንቻና ወኔ ይጠብቃል። ነጩ ኢስትሮጅን ነው።»

«እሱ ደግሞ ማን ነው?» አለ ናሆም። ናሆም የታች ሜዳ አውራ፣ የያብስራ የልጅነት ጓደኛና የዕድሜ ልክ ተቃራኒ ነው።

«የሴት ሆርሞን ነው፣ ጋሼ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጣሪያው ላይ የምትሄደው ርግብ ጫማ ያደረገች መሰለች።

«ለኛ ነው፣ ወይስ ለሚስቶቻችን የምናደርሰው?»

«ለእናንተ ነው። የወንድ ሰውነት ድሮም ከራሱ ሆርሞን ቆርሶ ይሠራው ነበር። አጥንትን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ ወንድንም ሴትንም። ሲያረጁ ሁለቱም ይጎድላሉ። በድሮው ጠብታችሁ ውስጥም ነበረ።»

«ድሮም ነበረ?» አለ ናሆም፤ ክንዱን እንደ ሌላ ሰው ክንድ አየው።

«ከመጀመሪያው ቀን። አሁን ግን ልብ በሉ፤ ይኼኛው ቀይ ወደ ነጩ አይለወጥም፣ ብቻውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ነጩን እንዳትነኩት።»

እንዳትነኩት ማለት አልነበረባትም። ከሰዓት በኋላ ጠላ ቤት ሲቀመጡ ቀዩን «አባ»፣ ነጩን «እማ» ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር። ናሆም እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የሚያበራው አባ ብቻ ነበር።

«እማን አሰናብቻታለሁ» አለ። «እኔ ይህንን ክንድ በሴት ነገር አላነሣውም። ሌላው እንደ ወንድነቱ።»

ያብስራ የናሆምን ክንድ አየ። ከዚያ ጠላውን አስቀመጠና አውራ ጣቱን ክንዱ ላይ ጫነ። ነጩ ብርሃን ዓይኑን እንደሚከድን ሕፃን ቀስ ብሎ ጠፋ። በአግዳሚው ላይ ያሉት አውራ ጣቶች ሁሉ ተራ በተራ ወረዱ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሶልያና የጤፍ ጆንያ ከመኪና አውርዳ ጎተራ እያስገባች ነበር። አጥንቷ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ግን ደፉ ሲነግራት ደግሞ እንዲላት ጠይቃው አታውቅም።

«አጠፋኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ነጩን። ፊትህ የጠፋ ፊት ነው።»

«ወንድ ነኝ፣ ሶልያና።»

«ወንድ መሆንህንማ ስድስት ልጅ ወልጄ አረጋግጫለሁ። አሁን ለማን ነው የምታስረዳው?»

ጆንያውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን አልፋው ገባች።

በመጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር። አባ ብቻውን ሲንጠባጠብ የሽማግሌዎቹ ደረት ሰፋ፤ ልብስ ሰፊው ሁለተኛ ማሽን ለማስገባት ተገደደ። ጉሮሯቸው ጠርቶ ሲያወሩ መስታወት ይንጫጫል። ናሆም ገበያ ላይ ሲያስነጥስ ሦስት አህያ ተቀመጠ። በዳንግላ ታሪክ ያን ያህል ያማሩ አያቶች ታይተው አያውቁም፤ ለማየት ከባሕር ዳር ድረስ ሰው መጥቷል።

ኅዳር ላይ ደፎቹ መቁጠር ጀመሩ።

ያብስራ አንድ ጧት ረገጠ። «አጥንትዎ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው።» ደፉ ተበላሽቷል አለ። አስጠረገው። ጫማ ቀይሮ ረገጠ። «አርባ አራት።» ውኃ አፈሰሰበት። በሳምንቱ «አርባ ዘጠኝ» አለውና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ድገምልኝ ሳይል ሄደ። ስልሳ ሲቃረብ ሌላ መላ መጣለት። ጧት ተነሣ፣ ቁርሱን በላ፣ ሶልያናን ተሰናበተ፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት ወጣ።

ጓሮው ላይ እግሩ ሲያርፍ ቀና ብሎ አየ። ጎረቤቱ ጋሽ ኪሩቤል በራሱ መስኮት ላይ አንድ እግሩን አውጥቶ፣ አንዱን ከቤት ትቶ፣ ኮርቻ ላይ እንዳለ ሰው ተቀምጧል።

«እንደምን አደርክ፣ አያ ያብስራ።»

«እግዜር ይመስገን። መስኮቱን እየፈተሽክ ነው?»

«አዎ፣ ማጠፊያውን። አንተስ?»

«እኔም ማጠፊያውን።»

ታኅሣሥ ሲገባ ከተማው ተላመደው። ሚስቶች በበር ይወጣሉ፣ ባሎች በመስኮት። አናጢው የመስኮት ደረጃ ይሠራ ጀመር፤ አንዳንዱ ቤት መስኮቱ ከበሩ ሰፋ። እንግዳ ሲመጣ ሚስት በበር በኩል ትቀበላለች፣ ባል በጓሮ ዞሮ መስኮቱን አንኳኩቶ ይገባል። ለምን እንደሆነ አንድም ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲስተር ዘርፌ «ደፍዎ ብዙ ቀን አላገኘዎትም፤ ደኅና ነዎት?» የሚል መልእክት ለሁሉም ላከች። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ መለሱላት፤ «ሥራ በዝቶብን ነው።» እማን መልሶ ማብራት ዐይን ከመጨፈን የሚቀልል ነገር ነበር። የሚከብደው አንደኛ ማን ያብራ የሚለው ነው።

ጥር መጣ። ከጉግሱ በፊት ባለው ቀን የሁለቱ ሜዳ አውራዎች አብረው ምሳ መብላት ልማድ ነው፤ በማግስቱ ለሚወረወረው ዘንግ ቂም እንዳይያዝ። ተራው የያብስራ ነበር። ሶልያና ዶሮ ሠርታለች። ናሆም ነጭ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ ደረቱን እንደ በር ከፍቶ፣ በግቢው በር ገባ። ስለ ዳማ ፈረሱ እያወራ ነው፤ ዳማ እንዴት ጧት ሲያስነጥስ ወፎች እንደሚበተኑ። በወሬው መሀል የስንት ዓመት ልማዱ መጣበትና የያብስራን ደፍ በተረከዙ ጠበቅ አድርጎ ረገጠው።

ደፉ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አሰበ።

«እንግዳችን እንኳን ደኅና መጡ። አጥንትዎ ዘጠና ሦስት ዓመቱ ነው። እባክዎ አይዝለሉ።»

ናሆም አንድ እግሩ ደፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ፊቱ የተጠራ ተማሪ ፊት ሆነ።

«ግባ፣ ግባ» አለ ያብስራ። «ዶሮው ይቀዘቅዛል።»

ገቡ። በሉ። ስለ ፈረስ ጫማ አወሩ፣ ስለ ዘንድሮ ጭቃ አወሩ፣ ማንም ስለማያውቃቸው ዘመዶች አወሩ። ሶልያና ወጥ ስትጨምር ናሆም እጇን እያየ «በቃኝ፣ እትዬ» ይላል፤ ድምፁ ቀጥኗል። ሲጨርስ ተነሣ። በሩን አየ። ከዚያ ያብስራን አየ።

«መስኮቱ በየት ነው?» አለ።

ሶልያና መርገጫ የሚሆን ዱካ አምጥታ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠችለት፤ ሌላ ዱካ ደግሞ ይዛ በበር ዞራ በውጭ በኩል አስቀመጠች። ናሆም ራሱን እንደ እንቁላል ተሸክሞ ወጣ።

ሲሄድ ሁለቱ ጀርባውን አዩ።

«ነገ ዘንግህ ካገኘው» አለች ሶልያና፣ «ዳሌው የሸክላ ገንቦ ነው። አይጠገንም።»

«ማን ጀመረው? እሱ አይደለም?»

«እሱ ነው። ስለዚህ ትሰብረዋለህ?»

«ባልወረውርበትስ? ሰው ፊት ላዝንለት? ናሆም ነው እኮ። ያዘንኩለት ቀን ከዳንግላ ይሰደዳል።»

«እንግዲያ ታመም።»

«እኔ ታምሜ አላውቅም» አለ፤ እውነቱን ነበር። ታምሞ የማያውቅ ሰው በውሸት መታመም እንኳ አይችልበትም።

የእሷን ዓይን ሽሽት ወደ በሩ ሄደ። የእህል መኪና እያጓራ ሲመጣ ሰማ። መኪናው በራፉ ጋ እስኪደርስ ጠበቀና በዚያ ጩኸት ውስጥ ደፉን በእግር ጣቱ ጫፍ ብቻ ነካ። ነገር ግን ደፉ ጩኸት ሲኖር ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ሆኖ የተሠራ ነው።

«አጥንትዎ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ኪሩቤል ከመስኮቱ ላይ ሆኖ ሰማ፤ እንዳልሰማም ሆኖ ማጠፊያውን መፈተሹን ቀጠለ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ያልነበረ ሰው የለም። ከቻግኒ፣ ከእንጅባራ፣ ከመርዓዊ የመጣው ሕዝብ ሜዳውን እንደ ቀለበት ከቦታል፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ጫፍ ላይ ያለ ሰው «ይማርህ» ለማለት ቀን ያስፈልገው ነበር። ፈረሰኞቹ በየግቢያቸው ድንጋይ ላይ ቆመው ኮርቻ ላይ ወጥተው መጥተዋል። ከሩቅ ሲታዩ ከነሐስ የተቀረጹ ናቸው። እየዞሩ ፎከሩ።

«ዘራፍ፣ ሠላሳ አንድ!» አለ ናሆም፤ ድምፁ ተራራ ነክቶ ተመለሰ።

«ዘራፍ፣ ሃያ ዘጠኝ!» አለ ያብስራ።

ሴቱ እልል አለ። ከሚስቶቹ ወገን ያለው እልልታ ግን ቀጭን ነበር። ሶልያና ከናሆም ሚስት ከሄራን ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆማለች፤ ሁለቱም እጃቸውን አጣምረዋል።

ታች ሜዳ ሸሸ፤ ላይ ሜዳ ተከተለ። በልማዱ መሠረት አውራ አውራን ነው የሚያሳድደው። ዳማ ከፊት፣ ቦራ ከኋላ፤ መሬቱ እንደ ከበሮ ይመታል። ያብስራ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ያዘ። ናሆም ጋሻውን ጀርባው ላይ ለማዞር ሲሞክር ክንዱ አልታዘዘውም፤ ጋሻው ወደ ጎን ተንሸራተተና ጀርባው ባዶውን ቀረ። ሰፊ ጀርባ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያብስራ እንደዚያ የተገለጠ ጀርባ ሲያልም ኖሯል። ከዚያ በታች፣ ኮርቻው ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚነሣና የሚያርፍ ዳሌ አየ። ዘጠና ሦስት።

ዘንጉን አልወረወረም። ስቶም አልወረወረም፤ ሆን ብሎ ስቶ ቢወረውር ማንም አያውቅበትም ነበር። ነገር ግን እጁ አውቆ መሳት አልለመደም። ክንዱን ዝቅ አደረገና ልጓሙን ሳበ።

ሜዳው አጉረመረመ። ናሆም ዞር ብሎ አየና ዳማን መልሶ መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

«ምነው?» አለ። «እጅህ ተሳሰረ?»

«ደከመኝ።»

«አንተ? ደከመህ?» ናሆም ለሰው እንዲሰማ ድምፁን አነሣ። ያቺ የደፍ ቃል ሰው ፊት እንዳትነገር ፈርቷል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይመታል። «አዘንክልኝ? ለኔ ነው የምታዝነው? ድሮም አባትህ ያላሳደገህ፣ የሴት ልጅ!»

የሴት ልጅ። በዚያ አገር ወንድ ለወንድ ከዚህ የከፋ አይናገርም። ያብስራ በእውነትም ያለ አባት ነው ያደገው፤ እናቱ ብቻዋን ነች ያሳደገችው፤ ከናሆም በቀር ደግሞ ይህንን የሚያስታውስ ሰው አልቀረም። ከላይ ሜዳ ፈረሰኞች አንዱ «ተው እንጂ፣ ጋሽ ናሆም» አለ። ያብስራ ዘንጉን አጥብቆ ሲይዝ ሁሉም አየው። ወርውሮ ቢመታው አሁን የሚወቅሰው አልነበረም።

ዘንጉን መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ የእጅጌውን ቁልፍ ፈታ፤ እስከ ትከሻው ሰበሰበው፤ ቦራን በአንድ ቦታ አዙሮ ክንዱን ለሕዝቡ አሳየ። ቀይ ብርሃን ብቻዋን ትነድዳለች። አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ ታምር ነበር፤ እስከ አቻፈር የተሰማ ፉከራ ነው።

«ዘራፍ የሴት ልጅ፣ ዘራፍ የሴት ልጅ፣
አጥንቱ ሰማንያ፣ ጉራው ሠላሳ እንጅ፣
በመስኮት የሚዘል ትቶ የገዛ ደጅ!
እማን የሚያበራ ነው ከእንግዲህ የሴት ልጅ!»

አውራ ጣቱን ክንዱ ላይ ጫነ። ነጯ ብርሃን መጀመሪያ አመነታች፤ ከዚያ በቀኑ ፀሐይ መሀል እንደ ኮከብ በራች።

«ሰማንያ አራት ነኝ» አለ ከፉከራው ወርዶ፣ በተራ ድምፅ። «ትናንት ረግጬ ሰምቻለሁ። ኪሩቤልም ሰምቷል።»

እልልታ የለም፣ ሳቅ የለም። ናሆም ዳማ ላይ እንዳለ ደንግጦ ያየዋል፤ ያብስራ ዘጠና ሦስት የሚለውን ቃል አልተናገረም፣ ሊናገርም ያሰበ አይመስልም። ያቺን ቁጥር እዚያው ትቶ፣ የራሱን ብቻ ሜዳ ላይ አውጥቷል። ዘንግ ከመቀበል ይህ ይከብዳል፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይህንን ያውቃሉ።

ከወደ ኋላ ኪሩቤል ፈረሱን ገፋ አድርጎ መጣ። «ሰምቻለሁ» አለ። «እኔ ሰባ አንድ ነኝ።» እጅጌውን ሰበሰበና ጣቱን ጫነ።

«ሰባ ሰባት» አለ ሌላው።

«እኔ ደፍ ከረገጥኩ ቆየሁ፤ አላውቀውም» አለ ሦስተኛው። ጫነ።

በሜዳው ላይ በየኮርቻው ነጭ ብርሃን እየተለኮሰ ሄደ። እንዲህ ያለ ፉከራ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ምድር ተሰምቶ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ከፍ ያለ ቁጥር ሲጠራ እልልታው ይደምቅ ጀመር። አንድ አዛውንት ሰማንያ ስምንት ብሎ ሲጮኽ የመርዓዊ ሴቶች መሬት ረገጡለት። ናሆም ብቻ ቀረ። እጅጌውን አልነካም።

ሲስተር ዘርፌ ከሕዝቡ መሀል ሮጣ ወጣች። ጫማዋን ጥላዋለች።

«ማንም ከፈረስ አይዝለል!» አለች። «ጋሼ፣ አባባ፣ ሁላችሁም፣ እግራችሁን አታንሡ። እንዳላችሁ ቆዩ።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባቸው። ሲወጡ ድንጋይ ነበራቸው። ጉግስ ሲያልቅ ፈረሰኛ ዘልሎ ነው የሚወርደው፤ ሜዳው ላይ ደግሞ አንድ ድንጋይ የለም። ያ ሁሉ ነሐስ የመሰለ ወንድ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ መሬቱን እያየ ቀረ። መሬቱ ሩቅ ነበር። ፈረሶቹ እንኳ ገባቸው መሰለኝ፣ ጆሯቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ። ወጣቶቹ ለመርዳት ትንሽ ቀረብ ብለው አንድ ፈረስ ሲያንኮራፋ ተመልሰው ሄዱ።

ሶልያና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። ሜዳውን አቋርጣ ቦራ ጎን ቆመች። ሁለት ክንዷን ዘረጋች።

«ና» አለችው።

«ሰው ያያል፣ ሶልያና።»

«ይይ እንጂ። ሰማንያ አራት ብለህ ከጮህክ በኋላ ምን የቀረህ ነገር አለ?»

እግሩን አዞረና ራሱን ለቀቀላት። ተቀበለችው። ጉልበቷ እንኳ አልታጠፈም፤ እንደ ጤፍ ጆንያ ሳይሆን እንደ ታቦት አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ እግሩን ሣሩ ላይ አሳረፈችው። ዳር ያሉት ሚስቶች ይህንን ሲያዩ ነጠላቸውን እያሸረጡ ወደ ሜዳው ገቡ። ብዙ የተዘመረላቸው ሰልፎች አሉ፤ ከዚያ ሰልፍ ጋር የሚወዳደር ግን የለም። ባልቴቶቹ ባሎቻቸውን አንድ በአንድ ከኮርቻ ያወርዷቸዋል፤ «ቀስ»፣ «ያዝ አንገቴን»፣ «አትገተር» ይላሉ። ባል የሞተባት ሴት ሚስት የሞተበትን አወረደች። አንድም አጥንት አልተሰበረም።

ሄራን ወደ ዳማ ስትደርስ ናሆም ፊቱን አዞረ።

«እኔ በራሴ እወርዳለሁ።»

«ስንት ነው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ አፉን አደረገና ነገራት። ሄራን አልደነገጠችም፤ ለብዙ ሳምንት አልጋ ላይ ሲገላበጥ የሰማች ሴት ናት። ክንዶቿን ከፍ አደረገች፤ እሱም መጣላት። ያ ትልቅ ደረት፣ ያ አህያ የሚያስቀምጥ ጉሮሮ፣ ያ ሁሉ ናሆም በሁለት ክንዷ ላይ ገባ። መሬት አላስነካችውም። ዘጠና ሦስት ዓመት አጥንት በእግሩ እንዲሄድ አልፈቀደችም፤ እንደያዘችው ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ጀመረች። እየሄደች በአውራ ጣቷ እጅጌውን ገፋ አደረገችና ክንዱን ጫነችው። ነጩ በራ።

በያብስራ አጠገብ ሲያልፉ ናሆም ከትከሻዋ ላይ ራሱን ቀና አደረገ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ድምፁ ግን የድሮው ነው።

«በሚመጣው ጥር አልምርህም፣ የሴት ልጅ።»

«አንተም የሴት ልጅ» አለ ያብስራ። «በል አሁን ውረድላት፤ ሰውነትህ ከባድ ነው፣ ይደክማታል።»

«አይደክመኝም» አለች ሄራን፤ እርምጃዋንም ሳታጓድል፣ ባሏን እንደታቀፈች ዳገቱን ተያያዘችው።